የእንግዳ ጌሞች ምርጥ ዓመት

ለወንድሜ በመጨረሻ የተናገርኩት «ኮሌጅ ገብተህ መቁጠር አልቻልክም» የሚል ነው። ሰዎች ለሟቻቸው በመጨረሻ ስላሉት ነገር ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዱ «አይዞህ አልኩት» ይላል። ሌላው «ግንባሩን ሳምኩት» ይላል። እኔ መቁጠር አትችልም አልኩት። ከዚያ እሱ ወይ ሳቀ ወይ ሳለ። የትኛው እንደሆነ ሳልለይ ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ አልደወልኩም፤ ነገ እደውላለሁ ብዬ ነው። በማግስቱ የደወለው አጎቴ ነበር።

የተጣላነው በመሬት ቢሆን ደግ ነበር። በመሬት ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላካል። እኛ የተጣላነው ለአንዲት የእጅ ጌም ከወጡት ጨዋታዎች ምርጦቹ የወጡት በየትኛው ዓመት ነው በሚል ነው። እሱ ዘጠና ዘጠኝ አለ። እኔ ዘጠና ስምንት አልኩ። ይህን ለየትኛው ሽማግሌ ታስረዳለህ?

ከመጀመሪያው ልናገር። ጌሟን አጎታችን ከባሕር ዳር ያመጣት በሁለት ሺህ አራት ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወንድሜ ዐሥረኛ። ሻጩ ለተማሪ ትጠቅማለች ብሎት ነው የገዛት። አልዋሸውም። በዚያ ዓመት ከክፍሌ በሒሳብ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። እኔ አንዱ ነበርኩ፤ ለሌሎቹ ትልቅ እፎይታ ነው። ጌሟ ጥቁር ናት፤ መሐሏ መስታወት፤ ግራና ቀኝ ቁልፍ አላት። የግራው ቁልፍ ከመጣች ጀምሮ ወደ ላይ አይሄድም ነበር። ስለዚህ ዳንግላ ባለው ቤታችን ውስጥ ወደ ላይ የሚያጠቃ የኳስ ቡድን ታይቶ አያውቅም። ሁሉም ቡድኖቻችን ወደ ታች ነበር የሚያጠቁት፤ ከእረፍት በኋላ ቦታ ሲቀያየሩ ደግሞ ተሸንፈው ይወጣሉ።

ጨዋታ የሚጭንልን በገበያው መግቢያ ያለው ሙዚቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «ምን ልጫን?» ይላል። እኛም ያለውን ሁሉ ጫን እንለዋለን። ሚሞሪዋ ትሞላለች። የድሮውን ያጠፋል፤ አዲሱን ይጭናል። እንዲህ እያልን በአንድ ዓመት ውስጥ የማናውቀው ጨዋታ ጠፋ። የሚቀረን መከራከር ብቻ ነበር።

ክርክሩን ያመጣው ወንድሜ ነው። ጨዋታዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። ጌሟን የሠራው ኩባንያ ራሱ የሚያወጣቸው አሉ፤ እነዚህን «የቤት ልጆች» አላቸው። ሌሎች ኩባንያዎች ሠርተው ለእሷ የሚያወጧቸው አሉ፤ እነዚያ «እንግዶች» ተባሉ። ውድድር የሚገቡት እንግዶች ብቻ ናቸው።

«ለምን?» አልኩት።

«የቤት ልጅማ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት ነው። የዳይሬክተሩ ልጅ አንደኛ ቢወጣ ማን ይገረማል? ጀግና ማለት በሰው ቤት ገብቶ አንደኛ የሚወጣ ነው።»

በክፍሌ አንደኛ የሚወጣው ማን እንደነበር አልናገርም። ነገሩ ግን ወዲያው ገባኝ።

ደንብም አወጣ፤ ታላቅ ነዋ። እንግዶች በብዛትና በጥራት የመጡበት ዓመት የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም ለየብቻ እናጠናለን። የምርጦቹን ዝርዝር እንጽፋለን። አንዱ የሌላውን ዝርዝር አያይም፤ የጨዋታ ስምም አይጠራም፤ ዓመቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ዓመቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይሁን አለ። «ፈረንጅ ጌሙን እንጂ ዘመኑን አልሸጠልንም።» ዝርዝሮቹ የሚከፈቱት ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው።

ስለዚህ ያለ ማስረጃ ተከራከርን። በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ ዓመቱን የማገኘው ከመስታወቱ ላይ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ከኩባንያው ስም ሥር የፈረንጅ ዓመት በትንሹ ተጽፎ ይመጣል። ያንን አያለሁ፤ ስምንት እቀንሳለሁ። 2006 ሲቀነስ ስምንት፣ 1998። አለቀ ደቀቀ። ወንድሜ ከየት እንደሚያገኘው አላውቅም ነበር። ዝርዝሬን በትንሽ ወረቀት ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ጨዋታዎች ናቸው። ወረቀቷን አጣጥፌ ከጌሟ ባትሪ ሥር ደበቅኋት። በዚህ ብልሃቴ ብዙ ቀን ኮርቻለሁ። ወንድሜ ደብተሬን ይበረብራል፣ ፍራሼን ይገለብጣል። ባትሪ ግን ማን ይከፍታል?

በሁለት ሺህ አምስት ወንድሜ ለመምህርነት ኮሌጅ ገብቶ እንጅባራ ሄደ። ጌሟን መካፈል ግድ ሆነ። አንድ ሳምንት እሱ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ። እሑድ ጠዋት በካልሲ ተጠቅልላ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ትላካለች። ሚኒባሱ በመንገዱ ካለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ይጭናል፤ ስለዚህ ካልሲው ነጭ ሆኖ ተልኮ ጥቁር ሆኖ ይደርሳል። እኔ በጋሪ መነኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ።

ረዳቱ መጀመሪያ ቀን «ምንድን ነው ይኼ?» ሲል ወንድሜ «መድኃኒት ነው» ብሎታል። ጌም ነው ካለው እስከ ዳንግላ ሲጫወትባት ይመጣል። ልጁ ደግ ነው፤ አመነ። ከዚያ ወዲያ ካልሲውን በሰጠኝ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«በሽተኛው እንዴት ነው?»

«ያው ነው» እላለሁ።

«እግዚአብሔር ይማረው። ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅ ነው።»

ሁለት ዓመት ከዚያ በላይ፣ በሌለ በሽተኛ ስም ማረው እያለ ሲለምን ኖረ። ኋላ ላይ በሽተኛው ሲገኝ ያ ሁሉ ልመና ቢታሰብለት ጥሩ ነበር። አልታሰበለትም። ምናልባት አድራሻው ተሳስቶ ይሆናል።

እሑድ ማታ ደግሞ ስልክ እንደዋወላለን። እናቴ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ ትጠይቀዋለች። የእንጅባራ ብርድ በስልክ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነጠላዋን ትደርባለች። ከዚያ ስልኩ ለእኔ ይሰጣል።

«ዘጠና ዘጠኝ» ይላል፤ ሰላምታው ይህ ነው።

«ዘጠና ስምንት።»

«አንዱን ጨዋታ ብጠራልህ አፍህን ትይዝ ነበር።»

«ጥራው እስቲ!»

«ደንብ አለ።»

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ።»

«ለዚህ ነዋ የማከብረው።»

የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ሲደርስ ወረቀቶቹን እንክፈት አልኩት። «ዘንድሮ ይቅር» አለ። «ገና ያልሞከርኳቸው አሉ።» ገረመኝ፤ ክርክሩን እንደዚያ እያጣደፈው ነበር። ፈርቷል ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። በሁለተኛው እንቁጣጣሽ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። ጥናቴን አላጠናቀቅሁም አልኩ። እውነቱ የመሸነፍ ፍርሃት ነው፤ ግን ጥናት ሲባል ያምራል።

በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ሲገባ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መጣ። ጌም አብዝተህ ነው ብዬ ቀለድኩ። ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሐኪም ጉበት ነው አለ። ባሕር ዳር ይሂድ ተባለ፤ እናቴና አጎቴ ይዘውት ሄዱ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ጌሟን ለእሱ ሰጠሁት። ተራው የእኔ ነበር። ይህን ያነሳሁት ለመመስገን ነው፤ ሌላ የሠራሁለት ነገር የለማ።

አንድ እሑድ ለሌላ ጉዳይ በመነኸሪያው ሳልፍ ረዳቱ አየኝ።

«ካልሲው ቀረ እኮ!» አለኝ። «በሽተኛው ዳነ?»

«ያው ነው» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነገርኩት።

የመጨረሻው ስልክ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነው የማወራው።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ጉሉኮስ ላይ ነኝ።»

«ጌሟስ?»

«እሷም ጉሉኮስ ላይ ናት። አንድ ግድግዳ ላይ ነው የተሰካነው።»

ድምፁ ቀጭን ነበር። መስማቴን ሰምቻለሁ። ግን ምን እላለሁ? የማውቀው አንድ ወሬ ነው።

«እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ይቅር የለም። ተሸንፈሃል።»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«ዘጠና ስምንት!»

ከዚያ «ትንሹ፣ ስንት ነው የምትቀንሰው?» አለኝ።

ለእኔ ያ ስድብ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፤ እሱ መቀነስ ይጠይቀኛል።

«ኮሌጅ ገብተህ መቁጠር አልቻልክም!» አልኩት።

ያቺ ሳቅ። ወይም ያቺ ሳል። ተቆረጠ።

ለቅሶው እንደማንኛውም ለቅሶ ነው። እድሩ ድንኳን ተከለ። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ቆሎ ቆረጠመ፣ ምክንያት ፈለገ። ልጅ ያለ ምክንያት አይሞትም፤ አንድ ነገር መገኘት አለበት። በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

«ያ ሲነካካው የሚውለው ነገር ነው» አሉ አንዲት ጎረቤታችን። «ጨረር አለው።»

«ዓይን ነው እንጂ የሚያጠፋ ጉበትም ያጠፋል?» አሉ ሌላዋ።

«ከዓይን ገብቶ ወደ ታች ነዋ የሚወርድ!»

ወደ ታች ማጥቃቷን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። እናቴ ይህን ሰምታ ጌሟን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለቻት። ከሆስፒታል የተመለሰውን ቦርሳውን ደግሞ ቆለፈችበት። እስከ አርባው አይከፈትም አለች።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ብጠየቅ አላውቅም። ሳቅ እና ሳል እለማመድ ነበር። እውነቴን ነው። ጓሮ ሄጄ አፌን በእጄ ከድኜ እስቃለሁ፤ ከዚያ እስላለሁ፤ በስልክ የትኛው እንደዚያ ሊሰማ ይችላል ብዬ። ተናዶብኝ እንደሄደ ማወቅ ፈልጌ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የታገሠኝ ሰው፣ ታሞ በተኛበት ቀን ሰድቤው፣ ያንን ይዞ ሄዶ እንደሆነ። ውሻችን ብቻ ናት ይህን ልምምድ ያየችው።

አርባው ጳጉሜ ላይ ዋለ። እንደ ወጉ ልብሱ ለንስሐ አባታችን ሊሰጥ ነው፤ ሲጸልዩ እንዲያስቡት። እናቴ ቦርሳውን ከፈተች። ኮቱን፣ ሁለት ሱሪ፣ ጫማውን አወጣች። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነጠላውን አወረደችና ጌሟን ከልብሱ ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ እሷንም?»

«የእሱ አይደለች? የእሱ የሆነ ሁሉ ይሰጣል።»

የግማሿ ባለቤት እኔ ነኝ ልል ነበር። እሷ ግን ዓይኔን አታይም። ባትሪ ሥር ወረቀቴ አለች፤ እንቁጣጣሽ አልደረሰም።

የንስሐ አባታችን መጥተው ኮቱን ባረኩ፣ ጫማውን ባረኩ። ጌሟ ላይ ሲደርሱ መስቀላቸው ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

እናቴ እኔን አየች።

«ጌም ነው አባታችን» አልኩ።

«ምን ይሠራል?»

«መጫወቻ ነው።»

«ለጸሎት የሚሆን ነገር አለው?»

«የለውም አባታችን። ኳስ አለው። የመኪና ሌቦች አሉት። ሰው ለሰው የሚደባደብበትም አለው።»

አሰቡ። እኚህን የመሰሉ ሽማግሌ በወንድሜ ነፍስ ስም መኪና ሲሰርቁ ታየኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

«እንግዲያው እርስዎ ይውሰዱትና…» ብላ እናቴ ጀመረች።

«አይ፣ እኔ ዓይኔም ደክሟል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አብራችሁ ነበር የምትጫወቱበት?»

«አዎ፣ በየተራ።»

«አሁን የማን ተራ ነው?»

መልሱን አወቅሁት። እሳቸው ጌሟን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጧት።

ከቦርሳው ሥር አንድ ደብተር ቀርቶ ነበር። የሥነ ዘዴ ትምህርት የሚል ተጽፎበታል። ሥነ ዘዴው ሦስት ገጽ ነው፤ የቀረው ጨዋታ ነው። ጳጉሜ ያን ዓመት ስድስት ነበረች፤ አንድ ቀን ጨምራ አስጠበቀችኝ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ደብተሩን ከትራሴ ሥር አድርጌ ጠበቅሁ። እሱ በሕይወት እያለ ደንብ ያከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለእንቁጣጣሽ ጠዋት የወንድሜ አልጋ ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። ዝርዝሩ በመስመር የተሠራ ነው። የጨዋታው ዓይነት፣ የወጣበት የፈረንጅ ወር፣ የእኛ ወር፣ የእኛ ዓመት። ወሮቹን ከኮሌጁ ኮምፒውተር ፈልጎ ነው ያገኛቸው። ዘጠኝ ጨዋታ። የመኪና ሌቦቹ፣ ጥቅምት። ኳሱ፣ ጥቅምት። ነጻ ትግሉ፣ ኅዳር። አንድ በአንድ አነበብኩ።

የእኔ ዘጠኝ ናቸው። አንድም አይቀር፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ ከሁለቱ በቀር ያው ነው።

በፈረንጅ ሁሉም የ2006 ናቸው። እኔ ስምንት ቀንሼ ዘጠና ስምንት አልኩ። እነሱ ግን የወጡት አዲስ ዓመታችን ከገባ በኋላ ነው። መስከረም ካለፈ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ይህን የማያውቅ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የለም። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ተፈትኛለሁ። እና ያን ሁሉ ጊዜ የተከራከርነው ስለ አንድ ክምር ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ላም አስሮ ቀንዷን በሁለት በኩል ይዞ «የእኔ ትበልጣለች» እንደሚባባለው።

መቁጠር ያልቻለው ማን እንደሆነ እንግዲህ ታወቀ።

የራሴን ወረቀት ለማመሳከር የባትሪውን ክዳን ከፈትኩ። ወረቀቷ አለች። አጣጠፏ ግን የእኔ አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ ነው ያጠፍኳት፤ አሁን አራት ጊዜ ታጥፋለች። ገለበጥኳት። በጀርባዋ የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ከላይ ቀን አለው። የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ሳይደርስ በነሐሴ የተጻፈ ነው። ያኔ «ዘንድሮ ይቅር» ያለኝ ለዚህ ነው።

እንዲህ ይላል፦

«ትንሹ፣ ባትሪ ሥር መደበቅ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ባትሪዋ እየተነቀነቀች ባታጋልጥህ ኖሮ። ዝርዝራችን አንድ ነው። ከስምንት ሌላ ቁጥር አታውቅም እንዴ? አልነግርህም። ከነገርኩህ እሑድ ማታ ምን እናወራለን? ስትጮህ ደስ ትለኛለህ። ይህን ስታነብ ግን ፊትህን ማየት አለብኝ፤ ካላየሁ ዋጋ የለውም።»

አላየም። ፊቴን ያየችው ውሻችን ናት ማለት አልችልም፤ እሷም ውጭ ነበረች። ማንም አላየም።

ብዙ ቆይቼ ደብተሩን እንደገና አነበብኩ። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ፣ ሁለቱ ሰዎች የሚደባደቡበት ጨዋታ፣ እሱ ራሱ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። የወጣበት ወር ሐምሌ። በሐምሌ ደግሞ መስከረም አልገባም፤ በእሱም አቆጣጠር የዘጠና ስምንት ነው። ደንቡ አንደኛውን መጨረሻ ላይ መጻፍ ነው፤ ሁለታችንም አንደኛ ያደረግነው ያንን ጨዋታ ነው። ከዘጠኙ ስምንቱ የእሱ፤ ግን አንደኛው የእኔ። ይህን አይቶ ዝም ብሏል! ክርክሩ ገና መሆኑን እያወቀ!

«ዘጠና ስምንት ነው!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፤ ወደ ትራሱ።

እናቴ ከደጅ ሆና ሰማችኝ። በሩ ላይ መጥታ ቆመች። በሐዘን ልብሷ ሆና የአደይ አበባ ይዛለች፤ የጎረቤት ልጆች ሰጥተዋት ነው።

«ማንን ነው የምትናገር?» አለችኝ።

«ወንድሜን።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ሳቀ» አልኳት።